ምርቃትህን ወሰድህ?

ኦሩሮ ገበያ፣ ከሐዲዱ ወዲህ፣
ድንች ሻጭ ሴኖቢያ ትመዝናለች እንዲህ፦
ጠባብ ባርኔጣዋ ካናቷ ላይ ቆሞ፣
የቦሊቪያ ብርድ ጉንጯን ልጦ ከርሞ፣
መርፌው መሀል ደርሶ ልኩ ሲሞላላት
ሁለት ትጨምራለች ማንም ሳይለምናት።
«ይኼ ምርቃትህ ነው» ትላለች በቀስታ፤
ጎኗ ያሉት ሻጮች ያሟታል እስከ ማታ፦
«ጆንያዋ ቀዳዳ፣ ሒሳብ የማታውቀው፣
ከልጆቿ ጉሮሮ ለመንገደኛ የምትነጥቀው!»
(ሥጋ ሻጩ ፍሎሬንሲዮ አውራ ጣቱን ጭምር
ከሥጋው ጋር መዝኖ ይሸጥልን ነበር።)

ቆርቆሮ ሲረክስ ማዕድኑ ተዘጋ፤
አባቴም ከጉድጓድ ገባ ወደ አልጋ።
ሳንባው እንደ ወንፊት አቧራ ሲያጣራ
ውርጩ ደግሞ ጣለ ማሳውን በተራ።
ያን ዓመት ሴኖቢያ ዐይኗ ተጋረደ፤
ሚዛኑም በእምነት ገዢ እጅ ወረደ።

«አንተው መዝን ልጄ፣ ለኔ አይታየኝም፤
ሳንቲሙን ግን ጣቴ ዳብሶ አይስተውም።»

መዘንኩ። ሁለት ኪሎ። መርፌው ቀጥ እንዳለ
እጄ ሄደ ደግሞ፣ ማን አየኝ እያለ፤
ሦስት ድንች በኪሴ፣ አንድ በእጅጌዬ፣
ቅዝቃዜያቸው ዘልቆ ገባኝ እስከ ሥጋዬ።

ልሄድ ስነሣ ድምጿ ከኋላ ያዘኝ፦
«ምርቃትህን ወሰድህ?» ብላ ጠየቀችኝ።

«አልወሰድኩም» አልኩኝ።

እጇን ሰደደችው ከጆንያው ጥግ ድረስ፤
ትንሹን እያለፈች ትልቁን ስትዳስስ፣
ጣቷ ሲመርጥልኝ ቆሜ አየሁ በዐይኔ፤
ሚዛኑ ላይ የቆምኩ ለካስ ያን ቀን እኔ።

ሁለት ሰጠችኝ። ከነአፈራቸው።

ታውቅ ይሆን? አላውቅም። ኪሴን አልዳበሰች፣
ድንቿን አልቆጠረች፣ እኔን አልወቀሰች።
ቤት ስደርስ ትርፉን ዘረገፍኩ፤ እናቴ ቆጠረች፤
«ስድስት! ሴኖቢያ ዛሬስ እጇ ሰፋ» አለች።
አባቴ ከአልጋው ላይ፣ ሳሉ እያቋረጠው፣
መረቃት። እኔ ግን የበላሁትን ድንች
እስከ ዛሬ ድረስ አልቻልኩም ልውጠው።

አሁን ኮቻባምባ ምስማር እሸጣለሁ፤
በኤሌክትሪክ ሚዛን ግራም እቆጥራለሁ።
ቁጥሩ ልክ ሲመጣ፣ ገዢው እጁን ሲዘረጋ
እፍኝ እጨምራለሁ፣ አላስብም ስለ ዋጋ።
«ቸር ሰው» ሲሉኝ ሰምቼ ወደ ጓዳ እገባለሁ።

ቸርነት አይደለም።
የአራት ድንች ዕዳ ነው፤
ገና እከፍላለሁ።