ሦስተኛው ጥምዝ

ከኮምቦልቻ ወጥቼ ሐረጎን ስጀምር፣
ሦስተኛው ጥምዝ ላይ ነው እጄ የሚሸበር።
መሪውን ትቶ ይሄዳል ወደ ደረቴ ኪስ፤
እዚያ ፓኮው የለም፣ አለ የሱ መንፈስ።

ሐኪም ቤት ያሳዩኝ የሳንባ ፎቶግራፍ
አስፈርቶኝ ነበር፣ እስከ ሱቁ ደጃፍ።
በረመዳን ተውኩት፣ ቀን ቀን፣ ያለ ችግር፤
መግሪብ ሲል ግን ጭሱ ቀደመ ከተምር።
ሁለቴ ማልኩላት፣ ለልጄ ለሐያት፤
ሁለቴ ዋሸኋት።

የረዳኝ ረዳቴ ነው፣ አሊጋዝ፣ ዝምተኛ፣
ምክር የማያውቅ ልጅ፣ ጋቢና የሚተኛ።
ጥምዙ ሲቃረብ ግን ይነቃል ከእንቅልፉ፣
አንድ ፍሬ ሽምብራ ይዞልኝ በመዳፉ።
አንዲት ብቻ። ልክ እንደዚያ፣ ከዘምዘም ሱቅ፣ በዱቤ፣
በፍሬ እንደገዛኋት፣ ሳያውቅብኝ ልቤ።
እቆረጥማታለሁ፤ ጥርሴ ሥራ ያገኛል፤
ጉሙ በመስኮት ይገባል፣ ሳላስል ያልፈኛል።

ስንት ቀን ሆነህ ቢሉኝ፣ ቆጥሬ አላውቀውም፤
ተውኩ ብዬም ገና ለሐያት አልነገርኩም።

ዛሬ አሊጋዝ አሞት ቀረ፣ ወንበሩ ባዶ ነው።
ጥምዙ መጣ። እጄም ሄደ፣ ኪሴን ፈተሸው።
አንዲት ሽምብራ።
መቼ እንደከተታት እንጃ።