ሦስተኛው ድምፅ

ድሬ ገና አልበረደችም፣ ሌሊቱ ስድስትን አልፎ፣
ግድግዳው የቀኑን ፀሐይ ይተፋል ከሆዱ ተርፎ።
ከውሃ ቢሮው ጓሮ፣ መስኮት በሌላት ጠባብ ክፍል፣
አሮጌው ኤርኮንዲሽነር አስም እንደያዘው ሲል፣
እኔና ኑሪያ መሬት ላይ ካርቶን ዘርግተን ቁጭ ብለን
ሦስት ባዶ ሰርቨሮችን እናያለን፤
ምንም የማያውቁ፣ ገና ስም ያልወጣላቸው፣
ነገ ግን የከተማው ጥም የሚጻፍባቸው።

«አዲሱን ጫኑ» ብሏል ሥራ አስኪያጁ፣ ሲወጣ በራፉ ላይ፣
ታይዋን ገበያ ጫማ እንደሚገዛ፣ ልጣፉን ብቻ እንደሚያይ።
የኑሪያ ጣት ግን ሠንጠረዡ ላይ ነው፣ መስመር በመስመር ይወርዳል።
«ይኸኛው ዳታቤዝ ከስምንት ነጥብ ስድስት ጋር ተሞክሯል።
ከዘጠኙ ጋር፣ እንጃ።
አይሠራም አላሉም። ይሠራልም አላሉ።
ዝም ነው ያሉት።»
ዝም ያለ ሰነድ ደቻቱን ይመስላል፤
አሸዋ ነው ብለህ ግመልህን ታስርበታለህ፣
ደንገጎ ላይ የዘነበው፣ እዚህ ያለ ደመና ይደርሳል።

ዘበኛው ዘርጋው (አንቱ አንለውም፤ ድሬ ላይ ማን አንቱ ይባላል?)
ዱላውን ጉልበቱ መሃል አቁሞ በሩ ላይ ተቀምጧል።
ሠላሳ ዓመት ሽመንደፈር ጋራዥ፣ ብረት በጆሮው የሚለይ።
ሲያደምጠን ቆይቶ ጉሮሮውን ጠረገ፦
«አንዴ አዲስ ፉርጎ መጣ። ቀለሙ ሙሽራ።
እግሩ ከሐዲዱ አንድ ጣት ሰፋ።
ማን ይሙት አቦ፣ ዓመቱን ሙሉ ዶሮ አደረበት።»
ሳቅን። ኑሪያ ግን ደብተሯ ላይ ጻፈችው፣
ከቁጥሮቹ ጎን፦ ዶሮ።

እኔ ለአሮጌው አደላሁ፤ አልደብቅም።
ስንት ሌሊት አብሬው አድሬአለሁ፣
ሲያስነጥስ ምን እንዳማረው አውቃለሁ።
«እስከ ሰኔ ነው» አለች ኑሪያ፣ ቀና ሳትል፣
«ከዚያ ወዲያ ቢቀደድ የሚጥፈው የለም።»

«እና ለምን ሦስት?» አለ ዘርጋው። «ሁለት መች አነሰ?»
ነገርኩት።
አንዱን ከዚራ እናስቀምጣለን፣ አንዱን መጋላ፤
በመሃል ደቻቱ።
ወንዙ ሞልቶ መስመሩ የተበጠሰ ዕለት
ከዚራ «ከተማው እኔ ነኝ» ይላል፣ መጋላም «እኔ ነኝ»፣
በየራሳቸው መዝገብ ይጽፋሉ።
የዘሃራ ቆጣሪ እዚህ ከፍሏል፣ እዚያ ዕዳ አለበት።
ውሃው ጎድሎ ሲገናኙ
ሁለት እውነት ይዘው ይፋጠጣሉ፣
ሁለቱም ማኅተም ያረፈበት።
ሦስተኛው ሳቢያን ይቀመጣል።
እሱ የሚያየው ወገን ይጽፋል፣
ብቻውን የቀረው ብዕሩን ያስቀምጣል፣ ልክ ነኝ ብሎ ቢያምንም።

«ሽማግሌ ነው በለኛ።»
ከዚያ ድምፁን ዝቅ አርጎ፣ ለእኛ ሳይሆን ለዱላው፦
«እኔና ወንድሜ ሦስተኛ አልነበረንም።
እሱ መጋላ፣ እኔ ከዚራ።
አሥራ ዘጠኝ ዓመት።
በአንዲት የአባታችን ክፍል።»

ኤርኮንዲሽነሩ ብቻ ተነፈሰ።

ወደ አሥር ሰዓት መረጥን፤
ስምንት ነጥብ ስድስት፣ ከጫፉ አንድ ወደኋላ፣
በሦስቱም ላይ አንድ ዓይነት፣ እስከ መጨረሻዋ ነጥብ።
ሥራ አስኪያጁ ይቆጣል። ይቆጣ።
አንደኛው አረንጓዴ ዓይኑን ገለጠ፣
ሁለተኛው ተከተለ፣
ሦስተኛው ዘገየ። ኑሪያ ጥፍሯን ነከሰች፤
እንግዳ እንደሚጠብቅ ሰው ዝም ብለን ቆየን፣
እስኪገባ።

ስወጣ ነግቷል። የመጀመሪያው ባጃጅ
በደረቁ ወንዝ፣ አሸዋውን እየቦነነ ያልፋል።
ዘርጋው ፈረቃውን ጨርሶ ድልድዩ አፍ ላይ ቆሟል፣
ዱላው ብብቱ ስር።
ትንሽ ጠበቅሁ።
አልተሻገረም። አልተመለሰም።