አራተኛው ብልሽት

ሰኞ ሰኞ ማታ፣ ፈረቃው ሲቀየር፣
እንደ ሌባ ሆኜ፣ እገባለሁ በኋላ በር፤
አንዱን ብሎን ላላ፣ አንዱን ሽቦ ነቀል፣
ከማጣሪያው ጉሮሮ ጨርቅ ወተፍ አድርጌ፣
እወጣለሁ ደግሞ፣ በጨለማው መሐል ካፖርቴን ፈልጌ።

ድሮ እንዲህ አልነበረም የሥልጠናው ነገር፤
መቶ አርባ ገጽ ነበር።
አዳራሽ ይሞላል፣ ስላይድ ይበራል፣
ዓይኑን እንደ ዓሣ ገልጦ ሰው ሁሉ ይተኛል፣
በስተመጨረሻም ፊርማ ይሰበሰባል።
ፊርማ ግን የቆመ ፓምፕ አያስነሣም፤
ፊርማ ውኃ አይመልስም።

እኛ እዚህ ዜላንድ የምንተኛው ከባሕር በታች ነው፤
ሜዳው ላይ የሚግጠው በግ፣ የሕፃናቱ አልጋ፣
የመቃብሩ ቦታ እንኳ፣
ሁሉም የሚያድረው በስድስት ፓምፕ ትንፋሽ ነው።

ስለዚህ አልኩኝ፦ ወረቀቱ ይቆየን።
ማክሰኞ ጠዋት፣ ሦስት ለማጅ፣ ሦስት ብልሽት፣ ሁለት ሰዓት።
«ፈልጉ። እጃችሁ ይቁሸሽ።
የት እንደሆነ ብቻ ሳይሆን ለምን እንደሆነ ንገሩኝ።»

ዮረት ያገኘውን ሁሉ ይነካል፣ እንደ ፒያኖ ጀማሪ፤
ቲይስ ሳያነብ አይነካም፣ ካነበበም በኋላ ይፈራል፤
ፌምከ ግን ዝም። መዳፏን ብረቱ ላይ ታኖራለች፣
የታመመ ልጅ ግንባር እንደሚዳሰስ።

ባለፈው ማክሰኞ
ሦስቱን አገኙና ሰዓቱ ሳይሞላ፣
«አራተኛው ደግሞ» አለችኝ ፌምከ፣ «እዚያ፣ ከኋላ፣
አምስተኛው ፓምፕ ሥር። መጋጠሚያው ላይ አንድ ቀለበት ጎድሏል።
አቤት አደባበቅሽ!»

እኔ አልደበቅሁትም።

ወረድኩ። ተንበረከክሁ። ባትሪዬን አበራሁ።
የማን እጅ እንደሆነ ሳልነካው አወቅሁ፤
በግራ እጅ የጠበቀ ብሎን ራሱ ይናገራል።
የኔ ነው። የዛሬ አሥራ ዘጠኝ ዓመት፣ በገባሁ ሳምንት፣
«እንደምንም ግጠሚው» ብለውኝ የሄዱ ዕለት፣
መጠየቅ አፍሬ፣
የተረፈችኝን ቀለበት
በኪሴ ይዣት የሄድኩ ቤት።

አሥራ ዘጠኝ ክረምት ሙሉ
ባሕሩ በዚያች ቀዳዳ ጣቱን ሲያስገባ፣ ሲያወጣ፣
አንድ ቀን እንኳ ሳይቸኩል።

ምን ልበላት?
ነጥቧን ትጠብቃለች፣ ጉንጯ ላይ ቅባት።

ሰሌዳው ላይ ጻፍኩ፦
«ብልሽት አራት። የሂልከ። ያልተጠየቀ ጥያቄ።»
ዮረት ሳቀ፣ ከዚያ መሳቁን ተወ።

የኋላውን በር ቁልፍ ከአንገቴ አወጣሁና
መዳፏ ላይ አኖርኩት።
«የሚመጣው ሰኞ ማታ አበላሺው አንቺ፤
እኔ ጠዋት መጥቼ እፈልጋለሁ።»