መስኮት ቁጥር ሦስት

ጉሙ ከጦሳ ወርዶ በር በሩን ሲዳስስ፣
ልንዘጋ ሩብ ሲቀር፣ ወረፋው ሲቀንስ፣
አሊጋዝ ደላላው ካፖርቱ እንደራሰ
ብር ሳይዝ፣ ደብተር ሳይዝ፣ መስኮቴ ደረሰ።

በመሐረብ ቋጥሮ ያመጣውን ፈታ፤
ድንጋይ ነው፤ የከረመ አይብ የመሰለ፣ መልኩ የተምታታ።
ባለዕዳው ነው አሉ፣ በብሩ ፈንታ
«ኦፓል ነው» ብሎ ምሎ ያስታቀፈው ማታ።
ፒያሳ ያሉ ገዢዎች ውሃ ነክረው አዩት፣
ወደ ፀሐይ ያዙት፣
«ጨዋታ የለውም» ብለው መለሱት።

አንዲት የዩኒቨርሲቲ ልጅ ብቻ አገላብጣ አይታ
«ዚንክ ነው» አለችው፣ «ዚንክ ካርቦኔት»፣ ጥቂት ቆይታ።
«ዚንክ ማለት?» አልኩት። «የጣራችን ቅብ ነው፣
ቆርቆሮን ከዝገት የሚጠብቅ» አለኝ፣ «ደሴ ሙሉ ያለው።»
ሳቀ፤ ሳቁ ግን አጠረ።
«ያችን መብራት» አለ፣ «ሐሰት የምትለየዋን፣
ለአፍታ ብታበሪልኝ ምን ነበረ?»

ያኔ ነው መብራት የሄደው፤
ጄኔሬተሩን ሊያስነሳ ማንም ያልወረደው።
የኔዋ በባትሪ ናት። ከሥሯ ሳስቀምጠው
ጥበቃው እንኳ ሳሉን ዋጠው።

አረንጓዴ። ከቡቃያ የሳሳ፣
ሐረጎን ስንወርድ በነሐሴ፣ ከመኪና መስኮት፣
ገና ከአፈር ቀና ሲል እንደምናየው ጤፍ፣
ያውም በእንቅልፍ ልብ፣ በግማሽ ዓይን።
የአሊጋዝ ጥርስና በኦሞ ያጠብኩት ኮሌታዬ
ሰማያዊ ሆነው አጀቡት።

የሥራዬ ሕግ አንዲት ናት፤ ስድስት ዓመት ያልከዳችኝ፦
ሐሰተኛ ብር ሁለመናው ያበራል፣
እውነተኛው ይጨልማል፤
ክሩ ብቻ በስሱ ያወራል።
በዚህ ሕግ ከሄድን ድንጋዩ ሐሰት ነው።
ግን ማንን አታለለ? ዋጋዬ ይህ ነው አለ?
«ኦፓል» ያለው ሰው ነው።

ጣቴን ከቁልፉ ሳነሳ እሱም እዚያው ጠፋ።
ፍም እንኳ ሲከስም ጥቂት ያንገራግራል፤
ይህ አልተሰናበተም።
አሊጋዝ ስንት ያወጣል አላለም።
«ድገሚው» አለኝ።
ደገምኩት።

በማግስቱ ማልጄ
ከአጥራችን የተነቀለ የቆርቆሮ ቁራጭ በቦርሳዬ ይዤ ገባሁ፤
ደንበኛ ሳይመጣ ከመብራቷ ሥር አኖርኩ።
ምንም።
እጄን ግን አየሁት፤
ጥፍሮቼ በርተው ነበር።