ባለ አምስት ጣቷ

ሜትርና እርሳሴን በፌስታል ጠቅልዬ፣
አራዳ ወጣሁኝ በጦሳ ጉም ታዝዬ፤
ለሙሽራ ቀሚስ አዲስ ጥልፍ ብዬ።

የእመት ዘይነባ ቤት፣ ጣውላ ሰገነቱ፣
ስንት ክረምት ጠጥቶ ጠቁሯል እንጨቱ።
ዙሪያውን አበባ ተቀርጿል ባጥሩ፣
አሥራ ሁለት ናቸው በጣት ሲቆጠሩ፤
አሥራ አንዱ ስድስት ጣት፣ ቀጥ ያለ ሰልፈኛ፣
አንዷ ግን አምስት ናት፣ ከጥግ፣ ብቸኛ።
«ደክሞት ነው አናጢው፣ መሽቶበት ነው» አልሁኝ፤
የጎደላትን ጣት በእርሳስ ሞላሁኝ።

እመት ዘይነባ ግን፣
በኒዶ ጣሳቸው ጽጌረዳ ሲያጠጡ፣
ደብተሬን አዩና ሳቁ፣ ተቀመጡ።
ቆይተው በእጅጌዬ ወሰዱኝ ከጓሮ፤
ካብ ላይ የወጣ ቀጋ፣ በገዛ እሾሁ ታጥሮ፣
አምስት አምስት ነጭ ጣት ጤዛ እንደያዙ አሉ።
«ስድስቱን ከመጽሔት ገልብጦት ነው» አሉ፤
«ይቺን ግን እዚህ ጋ፣ ምሳውን ሲበላ፣
በዓይኑ ነው የያዛት።» አልጨመሩም ሌላ።

ላጲስ አልያዝሁም። በምራቄ፣ በጣቴ
ፋቅሁት፤ ቆሸሸ ወረቀቴ።

ቀሚሱ ወረደ ኮምቦልቻ፣ ሐሙስ።
ከመዳፏ በላይ፣ በእጅጌዋ ጫፍ ላይ፣
አንዲት ቀጋ አለች፣ ቀረብ ብሎ ለሚያይ።