ሚኒሞ

ዝናብ ነበር ያን ቀን፤ ዌልስ መች ይጠፋል፤
ከጥቁሩ ጣሪያ፣ ከበግ ጠጉር፣ ከሰው ቆብ ይንጠፈጠፋል።
ጌቲን አረንጓዴ መኪናውን እያባበለ ነዳት፤
ጋራዡ በር ላይ ስትቆም፣ እንደ ወባ ብርድ አንዘፈዘፋት።

ሁለት ሰው ነው የምትይዘው፤ ሸራ ጣሪያ፣ ረዥም አፍንጫ፤
አምሳ ዓመት አልፏት ዛሬም አልረሳችም ሩጫ።
ጉዱ የሚመጣው ቆማ ነው፤
ሚኒሞዋ ከፍ፣ ዝቅ፣ ደግሞ ዝቅ፤ ትንፋሿ ቁርጥ ቁርጥ የሚለው።
የዘይት ግፊት ጌጁ ላይ ቀስቱ ወድቆ ይተኛል፤
ጌቲን እሱን ሲያይ ሁለቴ ከአጥር ለጥቂት ተርፏል።

እኔ ተለማማጅ ነኝ፣ አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ፤
ፍርዴ የሚቀድም ከማየቴ።
«አበቃላት» አልኩኝ፣ «ብሮንዚኑ ተበልቷል፤
ሞተሩ ይወርዳል!»
የጌቲን ፊት አመድ መስሏል።

ኤሊነድ ዝም አለች።
ቀኝ ጆሮዋ ከልጅነት አይሰማም፣ ግራውም ደክሟል፤
ለሷ ድምፅ በአጥንት ይመጣል።
የካቻቢቴውን ጫፍ ከሞተሩ ጎን አስደግፋ፣
እጀታውን በጥርሷ ነክሳ፣ ዓይኗን ጨፍና፣
ጎንበስ እንዳለች ቆየች፤
ሻይዬ እስኪቀዘቅዝ።
ከዚያ ከአፏ አውጥታ፣ ከንፈሯን በክንዷ አበሰች፤
«ብረት ከብረት አይማታም።
ይሄ ልጅ ለቅሶ ተቀመጠ፣ ሟች ግን አላየሁም» አለች።

«መጀመሪያ ነጋሪዋን እንመርምር፤»
ያቺን ትንሽ የኤሌክትሪክ ጠቋሚ፣ ለጌጁ ወሬ የምታቀብል።
የቸኮለ አፍስሶ ይለቅማል ይባላል፤
ዘይት ሲሆን ግን ማን ይለቅመዋል?
ስፈታት ለብ ያለው ጥቁር በክንዴ ወርዶ ብብቴ ገባ።
ኤሊነድ አየች፣ ጨርቅ ወረወረችልኝ፣
በባዶው ቀዳዳ የአባቷን የድሮ ጌጅ አሰረች።
«ቀዝቃዛ ሞተር ሁሉ ጎበዝ ነው፤ እስኪግል ጠብቅ።»
ጠበቅን።
ቀስቱ ከስልሳ ተነሳ፤ አርባ፣ ሠላሳ፤
ሃያ ላይ ሲደርስ ቆመ፣ ወዲያ እግሩን ሳያነሳ።
የታመመችው ነጋሪዋ ነበረች፤ ነገሩ አልነበረም።

ደስታዬን አይታ፦ «ሃያ ግን ሠላሳ አይደለም።
የቀረው ዕድሜ ነው፤ ዕድሜ ይጠበቃል እንጂ አይጠገንም።
ወፈር ያለ ዘይት፤
ቅዳሜ ቅዳሜ መለኪያውን አውጥቶ ማየት።»

መንቀጥቀጡስ?
ጌቲን በየእሑዱ የካርቡራቶሩን ቡሎን
ሩብ ዙር ሲያጠብቅ፣ ሩብ ዙር ሲያላላ ከርሟል፤
ንፋስ በስርቆት ለሚገባባት ቤንዚን መጨመር ምን ይረዳል?
ኤሊነድ ከመስኮቱ የአበባዋን ውኃ መርጫ አነሳች፤
መጋጠሚያ በመጋጠሚያ፣ ጠብታ በጠብታ ዞረች።
ሦስተኛው ጋ ስትደርስ ሞተሩ ውኃውን ጎረሰ፤
ለአንድ ትንፋሽ ያህል እኩል ሆነ፣ ጸጥ አለ፣
ከዚያ ወደ መንዘፍዘፉ ተመለሰ።
«እዚህ ጋ ነው።»
መርጫው ወደ አበባው ሄደ።

ጓርኒሲዮኑን ከወፍራም ወረቀት በመቀስ ቆረጥኩ፤
አንዱ ጠበበ፣ አንዱ ተቀደደ፣ ሦስተኛው ላይ ተማርኩ።
አመሻሽ ላይ ሚኒሞዋ
እንደ ተኛ ልጅ ትንፋሽ ወርዶ ተስተካከለ፤
ጌቲን ኮፈኑ ላይ እጁን ዘርግቶ፣ ብዙ ቆይቶ፣ እንዲህ አለ፦
«እኔንም ሐኪሙ ግፊት አለብህ ብሎኛል፤
ሮጬ ገብቼ፣ ካፖርቴን ሳላወልቅ ነው የለካኝ።»
ኤሊነድ በግራ ጆሮዋ ሰማችው፣
ወይም ከንፈሩን አየች፤
«እንግዲያው ቁጭ ብለህ በሌላ ጌጅ ተለካ» አለችው።

ሁሉም ከሄደ በኋላ፣ የእኔኑ አሮጌ ሞተር አስነስቼ
ካቻቢቴውን በጥርሴ ነከስኩ፣ ዓይኔን ጨፈንኩ።
ምንም አልሰማሁም።
አፌን ብረት ብረት አለኝ።
ደግሜ ነከስኩ።