ክዳን

ከጀልባ ማቆሚያው በስተግራ፣ ደንገሉ ካለቀበት፣
ጋራዤ አንድ ቆርቆሮ ነው፤ ጀት ስኪውን አመጡበት።
በአህያ ጋሪ ተጭኖ፣ በሁለት አሮጌ ጎማ ተደግፎ፤
ቢጫ ነበር አሉ ድሮ፤ አሁን ቀለሙ ተገፎ
የደረቀ ሎሚ መስሏል፤ ወንበሩ ላይ ዶሮ ፈልፍላበታለች።
የምኒችል ልጅ ናት ያመጣችው። «አባቴ ይወደው ነበር» አለች።

«ምኒችል» ስትል ካቻቪቴው ከእጄ ወደቀ።
በአንድ ቦቢና ተጣልተን፣ ስድስት ዓመት አለቀ፤
እሱም አለቀ። ለቅሶ ቤቱ አጥር ጥግ ቆሜ፣ ቆሜ፣
ሳልገባ ተመልሻለሁ፣ እንዳላየ ሰው አዝግሜ።

ሥራ ግን ሥራ ነው። «ውዳላት፣ ካንዴላዎቹን ፍቺ፤
በጥርስ ብሩሽ ፈትጊና መልሰሽ ክተቺ።»
ባትሪ ከባጃጄ ተዋስን። ሞተሪኖውን ስናዞር፣
ብልጭታው ሰማያዊ ነው፤ በዚያ በኩል የለም ችግር።
ኮምፕሬሽኑን በአውራ ጣት ለካሁ፤ ገፋኝ እንደ ጎረምሳ።
ካርቡራተሩ ውስጥ ግን ያየሁትን አልረሳ፦
ሙጫ የሆነ የድሮ ቤንዚን፣ ማር የመሰለ፣ የሚገማ።
የቤንዚኑ ጌጅ «ሙሉ» ይላል፤ ታንከሩ ግን ባዶ ነበር፤
አባይ ነው። ምን ይደረግ፣ ያደገው አባይ አፍ ሥር!

ከሆዱ ሥር፣ ውሃ በሚስብበት፣ እምቦጭ ደርቆ ተጠምጥሞ፣
ኢምፔለሩን እንደ አሮጌ ገመድ አንቆት ኖሯል ከርሞ።
በቢላ ስንቆርጥ ረፈደ። ውዳላት ላቧን ጠረገች፤
«ከብት ቢሆን በዚህ ይነፋ ነበር» አለችና ሳቀች።
ቤንዚንና ዘይት፣ ሃምሳ በአንድ፣ በሃይላንድ በጠበጥን፤
ገፍተን ውሃ አስገባነው፤ ጉልበታችን ድረስ ረጠብን።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ተነሣ፤ ሳል፣ ሳል፣ ከዚያ ነጭ ጭስ፤
ይብራዎቹ ከድንጋዩ በረሩ። እነሱ እስኪመለሱ ድረስ
እኔ ወጥቼበት ሄጃለሁ። የደብረ ማርያም ዛፎች መጡ፤
ልጆች ከዳር «በለው!» እያሉ፣ ሸሚዝ እያውለበለቡ ሮጡ።
ምኒችል አንድ እሑድ በሙሉ ሱፍ፣ በክራባት ነድቶት ነበር፤
ያን ቀን ከኋላው እኔ ነበርኩ፣ ጫማዬን በእጄ ይዤ በአየር።

አምስት ደቂቃ። ልክ አምስት። ከዚያ ድምፁ ሰለለ፤
ጉማሬ ማታ በሚወጣበት ግድም፣ ቀጥ፣ ዝም አለ።
ጥቂት ቆይቼ ብቀሰቅሰው ተነሣ፤ ደግሞ ቆመ።
እሳቱ አለ፣ ቤንዚኑ አለ፤ ታዲያ ምኑን ታመመ?

እንጨት የጫነ ባለታንኳ ከዘጌ ሲመጣ ደረሰልኝ፤
ሳይጠይቅ፣ ሳይስቅም (ይህ ይበልጣል) ገመዱን ወረወረልኝ።
መሐል ላይ «ምኑን ነው?» አለ። «አላውቅም» አልኩት። ይህን ቃል
በሃያ ስምንት ዓመት ሥራዬ፣ ለሰው አውጥቼው አላውቅ በውል።

እሱ ይቀዝፋል። እኔ ሥራ ፈት፤ እጄስ የት ይቀመጥ?
የቤንዚኑን ክዳን ያዝኩ፤ ዞር ሳደርገው፣ አንዳች ሲያመልጥ፦
ህእእስስ።
ረጅም። አልቅሶ የወጣለት ሕፃን እንደሚተነፍስ።

ለካ ቤንዚኑ በወጣ ቁጥር የሚተካው አየር የለ፤
ታንከሩ ባዶነቱን ውጦ «ጠብታ አልሰጥም» አለ።
ዳር ስንደርስ ውዳላት የመተንፈሻ ቱቦውን ፈታች፤
የጭቃ ተርብ ቤት ሠርታ፣ አፉን በአፈር ደፍናለች።
የምስር ክክ የምታህል ጭቃ። መዳፌ ላይ አስቀመጥኳት።
ቦቢናዋ ትዝ አለችኝ፤ ስንት ነበር ዋጋዋ? ረሳኋት።

ማታ ልጅቷ መጣች። «ምን ሆኖ ነው? ስንት ልክፈል?»
ደረሰኝ ገለጥኩ። «ክዳን መክፈት» ብዬ ጻፍኩ። የዋጋው መስመር ይጠብቃል።
«አባትሽና እኔ» አልኩ፤ ሳል፣ ሳል፤
ውዳላት አምፖሉን አበራች፤
ልጅቷ ዶሮዋን ገፋ አድርጋ፣ ቢጫው ወንበር ላይ ተቀመጠች።